ባዶ ቤቶች እሺ ይላሉ

አገሩ አስመርሮት የሄደ ወዳጅ አላችሁ? ካላችሁ አንድ ነገር ጠይቁልኝ፦ እሱ ከሄደ ወዲህ፣ በየጠዋቱ፣ በእሱ ስም «እሺ» የሚለው ማን እንደሆነ ያውቃል?

የምኖረው ኮምቦልቻ ነው፤ ከቦርከና ወንዝ ማዶ ከተደረደሩት የመኖሪያ ማማዎች በአንዱ። ጠዋት ልወጣ ስል በሩ ይጠይቀኛል። ድምፁ የሴት ነው፤ ቅላጼው የወሎ ነው። መንግሥት ለየከተማው የየራሱን ቅላጼ መርጦለታል። «እንዴት አደሩ? የዛሬው ጥያቄ ይኸውልዎት» ይልና ያነባል። የወንዙ ውሃ ግማሹ ወደ ፋብሪካዎቹ ይዙር ወይ? የአዛንና የደወል ድምፅ በአንድ መጠን ይወሰን ወይ? የደከሙ ዜጎች የማረፊያ ጊዜ ይራዘም ወይ? መዳፌን በሩ ላይ ካሳረፍኩ እሺ ማለቴ ነው። ዝም ብዬ ከወጣሁም እሺ ማለቴ ነው። ዝምታ እንደ ስምምነት ይቆጠር የሚለው ሕግ ራሱ የጸደቀው በዚሁ መንገድ ነው፤ ጥያቄው የመጣው በበዓል ጠዋት ስለነበረ ሰው ሁሉ አዲስ ልብሱን ለብሶ ዝም ብሎ ወጣ።

ድሃ አይደለንም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የነገሩ መራራነት እዚያ ላይ ስለሆነ ነው። ረሃብ የለም፤ የሆስፒታል ወረፋ የለም። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎቻችን መብራት ሳይበራ ይሠራሉ፤ ውስጣቸው ሰው የለም ማለት ይቻላል። ከጣሊያንና ከግሪክ የመጡ ወጣቶች አዛውንቶቻችንን ያጥባሉ፤ በተሰባበረ አማርኛ «እማማ፣ እግር ያንሡ» ይላሉ። ቅድመ አያቶቻችን በጭነት መኪና ሆድ ታጭቀው ወደ ደቡብ ይሄዱ የነበረው ሥራ ፍለጋ ነበር። እኛ ዛሬ በዚያው መንገድ በአውሮፕላን የምንሄደው ንጹሕ ኅሊና ፍለጋ ነው።

መድረሻው አብዛኛውን ጊዜ ማላዊ ነው፤ የሐይቁ ዳርቻ። ንዳሌ የምትባል የዓሣ አስጋሪዎች መንደር ነበረች። አሁን የእኛ ሰዎች ሰገነት ሞልቶባታል። አስጋሪዎቹ የውሃ ዳሩን ኪራይ ስላልቻሉት ወደ ኮረብታው ወጥተዋል፤ መረባቸውን ተሸክመው በእግር ይወርዳሉ፣ በእግር ይመለሳሉ። የእኛ ሰዎች ከሰገነታቸው እያዩዋቸው ስለ ፍትሕ ይጽፋሉ። ራሳቸውን ስደተኛ ብለው ይጠራሉ። ያን ቃል ከማን አፍ ነጥቀው እንደወሰዱት አንድም ቀን አላሰቡበትም።

ቤታቸውን ግን አይሸጡም። አንድ ቀን ነገር ይለወጥ ይሆናል፤ ለሠርግ የሚመጣ ዘመድ ማረፊያ ያስፈልገው ይሆናል። ስለዚህ በየማማው ግማሹ ቤት ባዶ ነው። በሩ ግን ሥራውን አያቋርጥም። በየጠዋቱ ለባዶው ሳሎን ጥያቄውን ያነባል፣ ትንሽ ይጠብቃል፣ መልስ ሲያጣ «እናመሰግናለን፣ መልካም ቀን» ይላል። አንድ እሺ ተመዘገበ። በመንግሥት ተቆጥቶ የሄደው ዜጋ፣ ከቆየው ይልቅ ታማኝ ሆኖ በየቀኑ መንግሥትን ይደግፋል።

ይህን ጮክ ብሎ የተናገረው የመጀመሪያው ሰው ሙሂዲን ነው። የሒሳብ መምህር ነው፤ የዘሐራ ሰይድ አንድያ ልጅ። ዘሐራ ከእኔ ቤት በታች ትኖራለች፤ ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ በፋብሪካው የጨርቅ ጥራት ተቆጣጣሪ ናት፣ ማለትም ቀኑን ሙሉ ማሽኖቹ ያላጠፉትን ጥፋት ትፈልጋለች። ልጇ በሰፈር ማኅበራችን፣ በቅሬው፣ ስብሰባ ላይ ተነሣና «ሰው የሌለበት ቤት እንዴት ይስማማል?» ብሎ ጠየቀ። ሌላ ምንም አላለም። በሳምንቱ ሁለት ትሑት ሰዎች መጥተው «መምህር፣ ደክሞዎታል» አሉት። ይዘውት ሄዱ።

እስር ቤት አይባልም፤ ማረፊያ ነው። ንጹሕ ነው፣ አልጋው ጥሩ ነው፣ ምግቡም ጥሩ ነው። ዘሐራ በየጠዋቱ በሯ ላይ የልጇን ቁርስ ፎቶ ታያለች፦ ፍርፍር፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ከሳህኑ ጀርባ ፈገግ ያለ ሙሂዲን። ፎቶው ከዕለቱ ጥያቄ በፊት ይመጣል። እናት የልጇን ፊት ካየች በኋላ ነው የምትጠየቀው።

«ፈገግታው የሱ አይደለም» አለችኝ አንድ ቀን። «ሙሄ ሲስቅ ዓይኑ ይጠፋል። ይኼ ዓይኑን አፍጥጦ ነው የሚስቀው።»

ማረፊያ የገባ ሰው ለአንድ ወቅት ያርፋል። ወቅቱ ሲያልቅ ተቃዋሚ ካልተገኘ ወደ ረጅም ማረፊያ ይሸጋገራል። ረጅም ማረፊያ የት እንዳለ አይነገርም፤ ፎቶም የለም። ከዚያ በኋላ የሰፈሩ ሰው በእሱ ጉዳይ ቃል የለውም። ሙሂዲን የተወሰደው በልግ ሲገባ ነው። ክረምት ከገባ አለቀ።

አንድ መውጫ አለ፤ እሱም ቅሬ ነው። ለማታውቁት፦ ቅሬ ወሎ ውስጥ ጎረቤት ሲሞት የሚቀብር፣ ሲታመም የሚጠይቅ፣ ሲጣላ የሚያስታርቅ፣ መንገድ ሲሄድ መርቆ የሚሸኝ ማኅበር ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ዳኛ ሥር ይውላል። ማማዎቹ ሲሠሩ ይጠፋል ተብሎ ነበር፤ አልጠፋም፤ በየማማው አንድ አንድ ሆኖ ተደለደለ። መንግሥት ሊያጠፋው ያልቻለውን ነገር ወስዶ ሕግ አደረገው። «አይደለም» የሚባለው በቅሬው ሜዳ ላይ ብቻ ሆነ፤ በአካል፣ በገዛ አፍ። አርባ ሰው በአንድ ላይ ቆሞ «አይደለም» ካለ፣ ያረፈው ሰው በአደባባይ ቀርቦ ይሰማል፤ ሕዝብ ፊት ይጠየቃል፣ ሕዝብ ፊት ይመልሳል። በአደባባይ ተሰምቶ ወደ ማረፊያ የተመለሰ ሰው የለም። መንግሥት በሰው ፊት ማፈር አይወድም።

ችግሩ አርባ ሰው ማግኘት ነው። «አይደለም» ሊሉ የሚችሉት ሄደዋል።

ዘሐራ በየፎቁ እየወጣች እየወረደች ለመነች። የቅሬው ዳኛ ጋሽ ተፈራ ሁሴን ከበትራቸው ጋር አብረዋት ዞሩ። በመጨረሻ አርባ ሆነ፤ አርባኛው ዶክተር ልሳነወርቅ አየነው ነበር። ዶክተርን የማያውቅ የለም። የሕግ ሊቅ ነው፤ ድሮ መንግሥትን አማክሯል፣ በኋላ ተጣላ፣ ከተጣላ ወዲህ ያሳተማቸውን መጻሕፍት የማማችን ሰው ሁሉ መደርደሪያው ላይ አስቀምጧል። እሱ ፊት ቆሞ «አይደለም» ካለ የሌላው ጉልበት ይጸናል ብለን ነበር።

የቅሬው ስብሰባ ቀን ሲቃረብ ዘሐራ ልታመሰግነው ሄደች፤ እኔንም ይዛኝ ሄደች። በሩን ሲከፍት ሳሎኑ በሳጥን ተሞልቷል።

«ዶክተር፣ ዕቃ እያወጡ ነው ወይስ እያስገቡ?» አለችው።

«ግቡ፣ ግቡ። መቀመጫ ግን የለም።»

«ለስብሰባ ሊሄዱ ነዋ።»

«አይ ዘሐራ። ለመኖር ነው። ንዳሌ።»

ዘሐራ አንዱ ሳጥን ላይ ተቀመጠች። መጻሕፍት ስለነበሩበት አልተደረመሰም።

«ስሚኝ» አላት፤ አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ። አነጋገሩ ሞቅ ያለ ነበር፤ ይህን አልክድም። «እዚህ አገር እስካለሁ ድረስ የምተነፍሰው ሁሉ እሺ ነው። የሙሂዲንን አልጋ የሚያነጥፈው የኔ ግብር ነው። ማረፊያው በር ላይ ለቆመው ዘበኛ ደመወዝ የምከፍለው እኔ ነኝ። አገሩ ድሃ ቢሆን መቆየት ትግል ነበር፤ ከሰው ጋር መራብ ነበር። በሀብታም አገር መቆየት ግን ድርሻን መውሰድ ነው። ከአንድ ማዕድ እየበላሁ ማዕዱን መቃወም አልችልም። ይገባሻል?»

ክርክሩ ጥሩ ነው። የሚያናድደኝም ጥሩ መሆኑ ነው። መጥፎ ቢሆን ስቄ አልፈው ነበር።

«ይገባኛል» አለች ዘሐራ። «አንቱ ከማዕዱ ሲነሡ ወንበርዎ ላይ ማን ይቀመጣል?»

«ማንም። ባዶ ይሆናል።»

«ልጄ የተወሰደው ባዶ አይሆንም ብሎ አይደል?»

ዶክተር ወደ መስኮቱ ዞረ። ወንዙ ከዚያ ይታያል፤ የተረፈው ግማሽ።

«ቤቱን ይሸጡታ፣ እንግዲህ» አለች። «ቢያንስ ሰው ይግባበት።»

«ለጊዜው እንኳ… የወንድሜ ልጆች አንዳንዴ ይመጣሉ።»

«እሺ አይሽጡት። ቅሬው እስኪሰበሰብ ይቆዩልኝ። ጥቂት ቀን ነው። ቲኬት ይቀየራል።»

«ቲኬቱማ ይቀየራል» አለ። «እኔ ግን እነዚያን ቀናት ከቆየሁ አልሄድም። ራሴን አውቃለሁ።»

«እኔስ እሱን አይደል የምፈልገው» አለችና ሳቀች። እሱም ሳቀ። በዚያ ቀን ከልብ የተነገረው ነገር ይህ ብቻ ይመስለኛል።

ልንወጣ ስንል ክንዷን ያዘ። «ዘሐራ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። በጓሮ በር ሹልክ ብዬ መሄድ አልፈልግም። እንደ ሌሎቹ በአውቶቡስ ተራ ሁለት ሰው ብቻ ስሞኝ አይደለም። ቅሬው ይሸኘኝ። ሜዳው ላይ፣ ሁሉም ባለበት።»

«ይሸኝዎታል» አለች። «ቅሬ መንገደኛ ሳይመርቅ ሰዶ ያውቃል?»

ደረጃው ላይ «ለምን እሺ አልሽው?» አልኳት።

«ምን ልበለው? ባይቆይልኝስ፣ ሰው ሳይመረቅ ይሂድ?»

እናንተ ሞኝነት ትሉት ይሆናል። እኛ ግን እንዲህ ነን። ከቅሬው የተጣላ ሰው እንኳ መንገድ ሲሄድ ይመረቃል፤ ጠቡ ሲመለስ ይጠብቀዋል። ይህን ማንም በሕግ አልጻፈውም፤ ስለዚህም ማንም ሊሽረው አልቻለም። እስካሁን ድረስ እንዲያ ይመስለኝ ነበር።

አርባኛው ሰው ጎደለ። ዘሐራ የቀራት አቶ ደምሌ ብቻ ነበር። አቶ ደምሌ ጡረተኛ የጉምሩክ ሰው ነው፤ በሩ «መልካም ቀን» ሲለው «ላንቺም» ብሎ የሚመልስ። በአሳንሰሩ ውስጥ አገኘነው።

«አቶ ደምሌ፣ ለልጄ አንዲት ‹አይደለም› ይበሉልኝ።»

«ልጅሽን አልወደውም። ደረጃ ላይ ሲያገኘኝ ሰላም አይለኝም።»

«ይውጣ እንጂ ሰላም ይልዎታል። እኔ ነኝ የምቆነጥጠው።»

«ትልቅ ሰው አይቆነጠጥም» አለ። አሳንሰሩ ሁለት ፎቅ ወረደ። «ከላዬ ያለው ቤት ባዶ ነው» አለ ወለሉን እያየ። «በየጠዋቱ በሩ ሲያወራ እሰማዋለሁ። ‹እናመሰግናለን› ይላል። ማንን ነው የሚያመሰግነው? ምስጋናው የሚገባው ለእኔ ነበር፣ ከታች ሆኜ ለምሰማው።» አሳንሰሩ ቆመ። «እመጣለሁ። ከተፈራ አጠገብ ብቻ አታቁሙኝ፤ የቼዝ ጨዋታችን አላለቀም።»

አርባ ሞላ። ልብ በሉልኝ፤ ዶክተር በመሄዱ ብቻ የጎዳን ነገር አልነበረም። በአንድ ግትር ሽማግሌ ተክተነው ነበር።

ሽኝቱ የሆነው ከቅሬው ቀን አራት ቀን ቀድሞ፣ በቅዳሜ ከሰዓት ነው። ሜዳው በማማዎቹ መካከል ያለ ሰው ሠራሽ ሣር ነው፤ ዙሪያው አጥር ነው፤ መግቢያው ላይ የወረዳው በር አለ። ሰው ሁሉ መጣ። ዶክተር ራሱ በየቤቱ ደውሎ ነበር። ዘሐራ ቃሪቦ ጠምቃ በማሰሮ ይዛ ቀረበች፤ ማሰሮውን ለማንም ሳትሰጥ በየሰዉ መሀል እየዞረች ቀዳች።

«ሐይቅ ዳር ነው አሉ የሚሄዱት» አሉት ጋሽ ተፈራ። «ሐይቅ ፈልገው ከሆነ እኛም አለን እኮ፤ ደሴን አለፍ ብሎ።»

ሰው ሳቀ። ዶክተርም ሳቀ። አራት ትንንሽ በራሪ ካሜራዎች ከላያችን ያንዣብቡ ነበር፤ እሱ ነው ያመጣቸው።

ጋሽ ተፈራ በትራቸውን አጋድመው መረቁ። «መንገዱን ያቅናለት።» አሚን አልን። «የሚያርፍበትን ቤት ሰላም ያርግለት።» አሚን። «የተወንን እንደተወን አያስቀረው።» አሚን፤ እዚህ ላይ የዘሐራ ድምፅ ከሁላችንም በላይ ተሰማ። ከዚያ ዶክተር ተናገረ። ስለ ነጻነት ተናገረ፤ ስለ ሙሂዲንም ተናገረ፤ ስሙን ሦስት ጊዜ ጠራ። «እባካችሁ ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ማንም ከፎቶው እንዳይወጣ» አለ። ተጠጋን። ከመቶ ሰው በላይ ነበርን።

የቅሬው ቀን ደረሰ። አርባችንም በጠዋት ሜዳው በር ላይ ተገኘን። አቶ ደምሌ ክራቫት አስሯል። ዘሐራ የልጇን የመምህርነት ካባ ክንዷ ላይ አጥፋ ይዛ መጥታለች፤ በአደባባይ ሲቀርብ እንዲለብሰው። በሩ አልተከፈተም።

«እንዴት አደራችሁ?» አለ ያ የምናውቀው ድምፅ። «የማማችሁ ቅሬ የዚህን ወቅት ስብሰባ ቅዳሜ ዕለት አካሂዷል። ስለ ተሳትፏችሁ እናመሰግናለን።»

ጋሽ ተፈራ በበትራቸው በሩን ነካ ነካ አደረጉት። «ቅዳሜ ሽኝት ነው ያደረግነው፣ የኔ እመቤት። ዛሬ ነው ስብሰባው።»

«ስለ ተሳትፏችሁ እናመሰግናለን።»

የወረዳው አስተባባሪ መጣ። ሮቤራ ይባላል፤ ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው፣ በእውነትም ያዘነ ይመስል ነበር። ደንቡን አስረዳን። አንድ ቅሬ አርባና ከዚያ በላይ ሰው ሆኖ በሜዳው ላይ የሚሰበሰበው በወቅት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ቀብርና ለቅሶ አይቆጠሩም። ቅዳሜ ከመቶ በላይ ሰው ተሰብስቧል፤ የፖለቲካ ንግግር ተደርጓል፤ «አይደለም» ያለ የለም። ስለዚህ ቅሬው ተሰብስቦ ዝም ብሏል ማለት ነው። ዝምታው ተመዝግቧል።

«ይኼን ደንብ ማን ነው የሚያውቀው?» አለ አቶ ደምሌ። «ሠላሳ ዓመት የመንግሥት ሠራተኛ ነበርኩ፣ እኔ አላውቀውም።»

«እውነትዎን ነው አባቴ፣ ብዙ ጊዜ አያጋጥምም» አለ ሮቤራ። «ሰው ለቀብር ካልሆነ በዚህ ብዛት አይወጣማ። እኛ ግን ሕግ ትምህርት ቤት ተፈትነንበታል። የልሳነወርቅ ደንብ ነው የምንለው።»

አቶ ደምሌ የክራቫቱን ቋጠሮ ላላ አደረገ።

«አርቃቂው እሳቸው ናቸው እኮ» አለ ሮቤራ፣ ያልሰማን መስሎት። «መንግሥትን ያማክሩ በነበረ ጊዜ።»

ዘሐራ ካባውን ከክንዷ አውርዳ እንደገና አጠፈችው። አስቀድሞም በደንብ ታጥፎ ነበር። «ልጄ፣ ምን ላርግ? አንተ ተምረሃል፣ ንገረኝ» አለችው።

ሮቤራ ወደ በሩ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። ገና አንድ መንገድ እንዳለ ነገረን። የደንቡ አርቃቂ በሕይወት ካለ፣ የቃሉን ትርጉም በአደባባይ ሲናገር ወረዳው ጉዳዩን እንደገና የማየት ግዴታ አለበት። ዶክተር ልሳነወርቅ ሕዝብ በሚሰማበት ቦታ «የቅዳሜው ሽኝት ነበር፤ ሽኝት እንደ ቀብር ነው፤ ስብሰባ አይደለም» ካሉ፣ ሜዳው ይከፈታል። በግል የተጻፈ ነገር ግን አይሠራም። ክረምት ሳይገባ መሆን አለበት።

እፎይ አልን። ይህን ያህል ሞኞች ነን። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፣ ዶክተር ደግሞ ዓረፍተ ነገር አያጥረውም አልን።

በዚያው ሳምንት ንዳሌ ላይ ንግግር አደረገ። ማማው ሙሉ በየቤቱ ተቀምጦ ተከታተለው። አዳራሹ ሐይቁን ያያል፤ ወንበሮቹ ሞልተዋል፤ ከኮምቦልቻ፣ ከአዳማ፣ ከሐዋሳ የሄዱ ሰዎች፣ ነጭ የለበሱ፣ ንጹሕ ንጹሕ የሚሸቱ የሚመስሉ። ከጀርባው በግድግዳው ሙሉ የእኛ ፎቶ አለ። ጋሽ ተፈራ በትራቸውን አጋድመው፣ አቶ ደምሌ ከዳር፣ ዘሐራ ከነማሰሮዋ መሀል።

«ይህ ሽኝት እንዳይመስላችሁ» አለ ዶክተር። «ይህ ሰልፍ ነው። በዚያ አገር በአንድ ትውልድ ውስጥ የታየው ትልቁ የተቃውሞ ስብሰባ ነው። ይህች እናት ልጇ ታስሮባት ሳለ ከኔ ጋር ለመቆም ወጣች።»

አዳራሹ ተነሥቶ አጨበጨበ። ያለቀሱም ነበሩ።

ዘሐራ የዚያኑ ዕለት መልእክት ላከችለት። ሮቤራ ያለውን ሁሉ ነገረችው፤ ሰላምታም አልዘለለችም። መልሱ ሲመጣ ቤቴ ድረስ ይዛልኝ መጣች። አንብበው ብላ ሰጠችኝ፤ እሷ ጨርሳ አንብባው ነበር፤ ከሌላ ሰው አፍ ስትሰማው የሚለወጥ መስሏት ይሆናል። በሕግ ረገድ ልክ ነሽ ይላል። የቅዳሜው ሽኝት እንጂ ስብሰባ አይደለም ይላል። ነገር ግን የዚያ ፎቶ ትርጉም አሁን ከሁላችንም በላይ ሆኗል፤ በስንት አገር ታይቷል፤ እኔ ራሴ ተነሥቼ የመንገደኛ ምርቃት ነበር ብል ትግሉ መሳቂያ ይሆናል ይላል። ልቤ ካንቺ ጋር ነው ይላል። በመጨረሻ፣ ለሙሂዲን ሰላምታዬን አድርሺልኝ ይላል።

«የት አድርሼ?» አለች ዘሐራ።

እዚህ ላይ ንዳሌ ያላችሁ ሰዎች የምትሉኝን አውቃለሁ። ሰው አገሩን የመተው መብት የለውም ወይ ትሉኛላችሁ። አለው። ሊይዙት የመጡበት ሰው ይሽሽ፤ ሌላ ቦታ ይተንፍስ፤ የሚወቅሰው ቢኖር ፊት ለፊት የምቆመው እኔ ነኝ። ዶክተር ልሳነወርቅን ግን ማንም አላሳደደውም። ያሳደደው የራሱ ምቾት ነው፤ ምቾቱን ትቶ ቢሄድ እንኳ አንድ ነገር ነበር፤ ይዞት ሄደ። ቤቱን ተወ፤ ቤቱ እሺ ይላል። ደንቡን ተወ፤ ደንቡ ሰው ይበላል። እጁን ታጠበ፤ ውሃው ግን የፈሰሰው ከታች ያለነው ላይ ነው። ከክፉ ነገር ጋር አልተባበርም ብሎ የሚሄድ ሰው፣ የመጀመሪያው ግዴታው መሄዱ ራሱ ትብብር እንዳይሆን ማድረግ ነው። ቤቱን ለሰው ይስጥ። ያወቀውን ሳያስቀር ይንገረን። የሠራውን ቁልፍ ይፍታልን፣ ከዚያ ይሂድ፤ እኔ ራሴ ሻንጣውን እሸከምለታለሁ።

ዛሬ ጠዋት የሙሂዲን ፎቶ መጥቷል። ፍርፍሩ አልተነካም። ከበልግ የቀረው ጥቂት ነው፤ ደመናው ከአሁኑ በደሴ ተራራ ላይ ተከምሯል። ዘሐራን ለዶክተር ሌላ መልእክት ላኪበት አልኳት። እምቢ አለች።

«ለኔ አይጻፍልኝ» አለች። «ለኔ ያመነው ነገር ለልጄ ምን ያደርግለታል? ሰው ፊት ይናገረው። አንተ መጻፍ ታውቃለህ፤ ሰው ፊት ጠይቅልኝ።»

እጠይቃለሁ።

ዶክተር ልሳነወርቅ አየነው፣ ዘሐራ ሰይድ በሜዳው ላይ ቃሪቦ የቀዳችልዎት ለመንገደኛ ነበር ወይስ ለሰልፈኛ? ሰው ሁሉ ይምጣ ብለው በየቤታችን ሲደውሉ፣ በገዛ እጅዎ ያረቀቁት ደንብ ትዝ ይልዎት ነበር ወይስ አልነበረም? ለዘሐራ በግል የጻፉትን፣ በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ፎቶ ፊት ቆመው፣ እነዚያ ያጨበጨቡልዎት ሰዎች እየሰሙ ይድገሙት። ወይም አልደግምም ይበሉ፤ እሱንም እዚያው፣ ጮክ ብለው ይበሉት። በዚህ ጉዳይ ዝምታዎን የሚቆጥርልዎት በር የለም። ክረምት ሳይገባ በአደባባይ ይመልሱ።